ከግዳይ ማዕረግ ወደ ጥበቃ ማዕረግ

አንድ ኅብረተሰብ ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ሕጉን ከማንበቡ በፊት ሽልማቱን ቢመረምር መልካም ነው። ሕግ የተከለከለውን ይናገራል፤ ሽልማት ግን የተወደደውን ይናገራል። ልጅ ሲያድግ ምን ለመሆን እንደሚመኝ የሚወስነው፥ በአደባባይ ቆሞ ሲዘፈንለትና እልል ሲባልለት ያየው ሰው ነው። በኢትዮጵያ የዱር አራዊት ታሪክም ይህ እውነት ጐልቶ ይታያል። ለብዙ ዘመን ክብርና ማዕረግ የአውሬ ገዳይ ነበር፤ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ግድም ደግሞ ክብሩ ቀስ በቀስ ወደ ጠባቂው ሲዞር ታይቷል። ይህ መዞር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፥ ማንን እንዳከበረና ማንን እንደ ዘነጋ መመርመር ለሙያው ባልደረቦች ሁሉ የሚገባ ነው።

ታሪኩን ለመከተል የተከዜን ወንዝ መከተል ይበጃል። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሣል፤ የዋግን ምድር በምዕራብ በኩል እያዋሰነ ይወርዳል፤ በሰሜን ተራሮች ግርጌ አልፎ፥ የዋልድባን ገዳም አገር ነክቶ ወደ ሱዳን ቈላ ይዘልቃል። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያለው የሰሜን ተራራ በዋልያው ምክንያት ስሙ በዓለም ሁሉ ይጠራል። ከወዲህ ማዶ የዋግ ኽምራ ምድር አለ፤ ከወረዳዎቹም አንዷ ፃግብጂ ናት። ብሔራዊ ፓርክ የላትም፤ ስለ እርሷ የተቀረጸ ሜዳሊያም የለም። ወንዙ አንድ ሲሆን የሁለቱ ዳሮች ዕጣ ለምን ተለያየ የሚለው ጥያቄ፥ ስለ ክብርና ስለ ሽልማት ከሚነሣው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

የግዳይ ዘመን

በቀድሞው ሥርዓት አደን ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የሰውየው ማንነት መለኪያ ነበር። ዝሆን የገደለ የወርቅ ጕትቻ በጆሮው ያንጠለጥል ነበር፤ አንበሳ የገደለ በጎፈሩ ያጌጥ ነበር፤ ጎሽና አውራሪስ የጣለም እንደየደረጃው ይከበር ነበር። ባለግዳዩ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘመዱ ሁሉ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ ድግስ ይደገስለታል፤ በፉከራውና በቀረርቶው የጣለውን እየቈጠረ ስሙን ያስጠራል። ስለዚህ ግዳይ ሥጋና ቆዳ ብቻ ሳይሆን ማዕረግ ያስገኝ ነበር። ከጦር ሜዳ ጀግንነት ጋር በአንድ ሚዛን የሚመዘን ክብር ነበርና፥ ወጣቱ ሊተወው የሚችል ነገር አልነበረም።

ይህ ወግ በጦርና በጎራዴ በቆመበት ዘመን ለአራዊቱ ያን ያህል የከፋ አልነበረም። አዳኙ ሕይወቱን አስይዞ የሚገባበት ትግል ስለ ነበር ብዙ ሊገድል አይችልም ነበር። ገበሬውም ቢሆን ከብቱን ከአንበሳና ከነብር ለማስጣል የሚያደርገው ተጋድሎ የኑሮ ግዴታ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጠመንጃ በብዛት ወደ አገር ሲገባና የዝሆን ጥርስ ንግድ ሲበረታ ነው። የክብሩ ወግ ባለበት ጸና፤ የመግደያው ኃይል ግን እጅግ ጨመረ። ቀድሞ በአንድ ትውልድ የሚጠፋው አሁን በጥቂት ዓመት ይጠፋ ጀመር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የዝሆንን አደን የሚገድብ ደንብ ማውጣታቸው ይህንኑ አደጋ መረዳታቸውን ያመለክታል። ሆኖም ደንቡ አደኑን ገደበ እንጂ የገዳዩን ክብር አልነካም። ሕግ በአንድ በኩል ሲከለክል፥ ሽልማት በሌላ በኩል ይገፋፋ ነበር።

ሌላው ክብር

ይሁን እንጂ የአገሪቱ ሕዝብ የሚያውቀው ክብር የገዳይ ክብር ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይሣላሉ። በተከዜ ዳር በዋልድባ ስማቸው የገነነው አቡነ ሳሙኤልም በአንበሳ ጀርባ ተቀምጠው ይታያሉ። በእነዚህ ሥዕሎች አውሬው ጠላት ሳይሆን ባልንጀራ ነው፤ የጻድቁም ታላቅነት የሚገለጠው አውሬውን በመግደሉ ሳይሆን ከአውሬው ጋር በሰላም በመኖሩ ነው። በጎፈር ያጌጠው ባለግዳይና በአንበሳ የሚቀመጠው ጻድቅ በአንድ ሕዝብ ልብ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል።

የሁለተኛው ክብር ፍሬ ዛሬም በዓይን ይታያል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ኮረብታው ሁሉ ተራቍቶ ሳለ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጽድና ወይራ ቆመው ይገኛሉ። የቅጥሩን ዛፍ መቍረጥ ነውርም ኃጢአትም ስለሆነ፥ ወፉና ትንንሹ አውሬ መጠጊያ አገኘ። ይህን ያስጠበቀው በነጋሪት የተነገረ ዐዋጅ አይደለም፤ ደመወዝ ያለው ዘበኛም አይደለም። ሰው የሚያከብረውን ነገር ሳይታዘዝ ይጠብቃል የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

አማርኛም በራሱ ይህንን ሁለትነት በአንድ ቃል ይዞታል። “አደነ” ከሚለው ግስ የሚወጣው ስም “አዳኝ” ነው፤ “አዳነ” ከሚለው የሚወጣውም “አዳኝ” ነው። አንዱ የሚገድል፥ ሌላው ከሞት የሚያስጥል ሲሆን በጽሑፍ ይመሳሰላሉ። የዱር አራዊት ጥበቃ ታሪክ በጠቅላላው ሲታይ፥ ክብር ከፊተኛው አዳኝ ወደ ኋለኛው አዳኝ የተሻገረበት ታሪክ ነው።

ሜዳሊያና ሙዚየም

የገዳይ ክብር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ ተመራማሪ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ነበር። የሰበሰባቸው ቆዳዎችና አፅሞች ወደ ፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ሙዚየም ተልከዋል። ዋልያና ጭላዳ በ1835 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው፤ ቀይ ቀበሮንም ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀው እርሱ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

ያ ሜዳሊያ የተሰጠው ለዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱም ታላቅ ነበር። ነገር ግን የዘመኑ ዕውቀት በጥይት የሚሰበሰብ ነበር፤ አውሬው የሚታወቀው ከሞተ በኋላ ነበርና። ደግሞም ተራራውን የሚያውቁት፥ ዋልያው በየትኛው ገደል እንደሚውል ለእንግዳ ሊያሳዩ የሚችሉት የአገሬው ሰዎች ስም ከሜዳሊያው ጋር አልተጠራም። ሽልማት ሩቅ ላለው መታየቱና ቅርብ ያለውን መዝለሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቆየ ጠባይ ነው።

ሕግና ዘበኛ

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ስለ አራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 61ን አወጣ። ዐዋጁ ግን የሚያስፈጽመው የሠለጠነ ሠራተኛ አልነበረውም። አዲስ ምዕራፍ የተከፈተው በ1963 እ.ኤ.አ. ሰር ጁሊያን ሀክስሊ የመራው የዩኔስኮ ልዑካን ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሁኔታውን ከመረመረ በኋላ ነው። የዱር አራዊት ጥበቃን የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1961 ዓ.ም.፥ የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። በዚያን ጊዜ የዋልያው ቍጥር ከ150 እስከ 200 ግድም እንደሚሆን ይገመት ነበር። በዓለም ከሰሜን ተራሮች በቀር ሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ያ ቍጥር የዘሩ ሁሉ ቍጥር ነበር።

በእነዚያው ዓመታት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ለእርሻ፥ ለኢንዱስትሪ፥ ለሥነ ጥበብ፥ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍና ለኢትዮጵያ ጥናት ሽልማት ይሰጥ ነበር። ለዱር አራዊት ጥበቃ ራሱን የቻለ ዘርፍ ግን አልነበረውም። አውሬውን መጠበቅ ገና እንደ ዘበኝነት ይታይ ነበር እንጂ የአገር አገልግሎት ተብሎ በአደባባይ የሚወደስ ሥራ አልሆነም።

በሰሜን ፓርኩን ለማደራጀት ከ1967 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በኃላፊነት የሠራው የዌልስ ተወላጅ ክላይቭ ኒኮል ነበር። ሥራው የፓርክ ሰፈር መሥራት፥ ጠባቂዎችን መመልመልና ማሠልጠን፥ አዳኞችንና ደን ጨፍጫፊዎችን መከላከል ነበር። በሰሜን ያየውን በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በጃፓን አደረገ፤ በናጋኖ የተጎዳ ደን ገዝቶ እንደገና አለማ፤ የጃፓን ዜግነት አገኘ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከብሪታንያ መንግሥት የክብር ኒሻን ተቀበለ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ክብሩ ይገባዋል። ሆኖም አብረውት ብርዱንና ገደሉን የተካፈሉት የሰሜን ጠባቂዎች፥ እርሱ ከሄደም በኋላ እዚያው የቀሩት፥ ከመጽሐፍ ገጽ ያለፈ መታሰቢያ አላገኙም። የውጭው ሰው ሁለት ዓመት ሠርቶ ይሄዳል፤ የአገሬው ጠባቂ ግን ዘመኑን ሁሉ ከራሱ ጎረቤት ጋር እየተጋጨ ይኖራል። የሚይዘው አዳኝ የአክስቱ ልጅ፥ የሚመልሰው ከብት የአማቹ ከብት ሊሆን ይችላል። በጠመንጃ የታጠቀ ወንበዴን መጋፈጥ ይከብዳል፤ የዘመድን ቂም ችሎ ማደር ግን ከዚያም ይከብዳል።

የዓለም ቅርስ ስምና ዋጋው

በጳጕሜን 1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያውን የዓለም ቅርስ መዝገብ በ12 ቦታዎች ሲከፍት፥ ከኢትዮጵያ ሁለት ገቡ፤ እነርሱም የሰሜን ብሔራዊ ፓርክና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ሁለቱም የዋግ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ከተከዜ ማዶ፥ ሌላው በላስታ። ለአገር ታላቅ ክብር ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያው ጊዜ ግድም በፓርኩ ሰሜናዊ ገደል ሥር የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በግድ እንዲነሡ ተደረገ። በኋላም የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፋፋም የፓርኩ አስተዳደር ተቋረጠ፤ ሰፈሮቹ ወደሙ። በግድ የተነሣ ገበሬ ለዋልያው ፍቅር ሊኖረው እንደማይችል ግልጽ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ።

በ1998 እ.ኤ.አ. ክላውዲዮ ሲሌሮ የተባለው ተመራማሪ ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ ባደረገው ሥራ የዊትሊ ሽልማትን በለንደን ተቀበለ። ሽልማቱ የሚሰጠው በዚያው በንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር ቤት ነው። ከ159 ዓመት በፊት ያ ማኅበር የቀይ ቀበሮን ቆዳ ላመጣው ሰው ሜዳሊያ ሰጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቀይ ቀበሮው በሕይወት እንዲኖር ለሚደክም ሰው ሽልማት ተሰጠ። የክብር ሚዛን መዞሩን ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ነገር የለም። የሥራው ጠባይም የተለየ ነው። ቀበሮውን የሚፈጀው ጥይት ብቻ ሳይሆን ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና፥ ጥበቃ ማለት በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን መከተብ ማለት ሆነ። ይህንን ደግሞ ያለ አገሬው ሰው ማንም ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

በሰሜንም ጥረቱ ፍሬ ሰጠ። የዋልያው ቍጥር ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ከ700 በላይ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። በዚያ ጊዜ በየስብሰባው ምስጋና ለብዙ ድርጅቶች ተሰጥቷል። ቤታቸውንና የእርሻ መሬታቸውን ለቀው የሄዱት የግጭ ሰዎች ግን ከጠባቂዎቹና ከሊቃውንቱ እኩል በክብር መጠራት ይገባቸው ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠውን የሰጡ እነርሱ ናቸውና። የዋልያው ስም በአገሪቱ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ላይ ይጠራል፤ ለዋልያው ሲል ከአያቶቹ መሬት የተነሣውን ሰው ስም የሚጠራ ግን የለም። የተገኘው ውጤትም ጽኑ አልሆነም። ጦርነትና ግጭት ክልሉን ካወከ በኋላ በ2016 ዓ.ም. የተገኘው የዋልያ ቍጥር ወደ 300 ግድም ወርዷል። የሠላሳ ዓመት ድካም በጥቂት ዓመት ሊፈርስ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ማኅበረሰብ ሲሸለም

ከሁሉ ይልቅ የሚጸናው ጥበቃ ባለቤቱ ሕዝብ የሆነ ጥበቃ ነው። በመንዝ የጓሣ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ የሚታጨድበትና ከብት የሚገባበት ጊዜ በባለርስቶች ስምምነት ይወሰን ነበር፤ የጣሰ ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በኋላ በሌላ መልክ አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ በጓሣ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በላስታም ከዋግ ደቡብ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የአካባቢው ሕዝብ የሚጠብቀው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ አለ።

ሽልማትም በመጨረሻ ወደዚህ አቅጣጫ መመልከት ጀመረ። በትግራይ በውቅሮ አጠገብ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ካገኙት 25 የዓለም ማኅበረሰቦች አንዷ ሆነች። መንደሯ በድርቅ ምክንያት ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ አገር እንዲሰፍሩ የታሰበባት ነበረች። ሕዝቡ ግን ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ከለለ፤ እርከንና ክትር ሠራ፤ የዝናቡን ውሃ መሬት ውስጥ አሰረገ። ደርቀው የነበሩ ጕድጓዶች ውሃ ሰጡ፤ ፍራፍሬና ማር ተገኘ። ሽልማቱ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመንደሪቱ መሰጠቱ አዲስ ነገር ነበር። የግዳይ ክብር የአንድ ሰው ነው፤ አንበሳውን የጣለው አንድ እጅ ነውና። ጥበቃ ግን የብዙ እጅ ሥራ ስለ ሆነ ክብሩም የብዙዎች ሊሆን ይገባዋል።

ስለ ፃግብጂና ስለ መሰሎቿ

አሁን ወደ ተከዜ ወዲህ ማዶ እንመለስ። ዋግ በኢትዮጵያ ታሪክ ስመ ጥር አገር ነው፤ የዋግሹሞች መቀመጫ፥ የሰቆጣና የውቅር መስቀለ ክርስቶስ አገር ነው። ባለፈው ግማሽ ምዕት ዓመት ግን ስሙ አብዝቶ የተነሣው ከረኀብ ጋር ነው፤ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው መከራ አይረሳም። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት መንግሥት የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያም ጦርነት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በሰቆጣ መጠለያ ፈልገው ነበር። እንዲህ ባለ አገር ስለ አራዊትና ስለ ደን ጥበቃ መናገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው አይጠፋም።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተራራው ሲራቈት ምንጩ ይነጥፋል፤ ምንጩ ሲነጥፍ እህሉ ይጠፋል፤ እህሉ ሲጠፋ ሰው ይሰደዳል። የዋግ ገበሬ ኮረብታውን ከልሎ፥ ፍየሉን አስሮ፥ የዕጣን ዛፉን ከመጥረቢያ አድኖ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ዓመት የወገን ሕይወት ጥበቃ ነው። በተከለለ ኮረብታ ሣሩ ሲመለስ ንቡ ይመለሳል፤ ቆቁና ጅግራውም ይከተላል። ይህንን የሚያደርገው ገበሬ ከሰሜን ጠባቂ የሚያንስ ሥራ አልሠራም፤ ልዩነቱ ዋልያ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። ዓለም የሚሸልመው ብርቅ አውሬ ያለበትን ቦታ ነውና፥ ብርቅ አውሬ የሌለው ባለ ኮረብታ ከዓይን ይሰወራል።

ስለዚህ የሙያ ማኅበራት ጠባቂዎችን ለማክበር በዓል ሲያዘጋጁ ሦስት ነገሮችን ቢያስቡ ይጠቅማል። አንደኛ፥ ሽልማቱ ከጥናት ጸሐፊው ጋር ዕድሜውን በተራራ ያሳለፈውን ጠባቂ ይጨምር። የዓለም የፓርክ ጠባቂዎች ቀን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ 24 ቀን ይታሰባል፤ በሥራቸው ላይ የወደቁትን ስማቸውን እየጠሩ ማሰብ ለዚያ ቀን የሚገባ ነገር ነው። ሁለተኛ፥ ለጥበቃ ሲል መሬቱን ወይም ግጦሹን የተወ ሕዝብ እንደ ተጎጂ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለውለታ ይታይ፤ ከምስጋናው ጋርም ካሳውና ኑሮው በሚገባ ይታሰብለት። ያለ ካሳ የሚሰጥ ምስጋና የቃል ሽንገላ ይሆናልና። ሦስተኛ፥ በዓሉ ራሱ ከአዲስ አበባ አዳራሽ ወጥቶ ሥራው ወደተሠራበት ቦታ ይሂድ። የጥንቱ ባለግዳይ ክብሩን የተቀበለው በሩቅ ከተማ ሳይሆን በገዛ መንደሩ፥ በእናቱና በጎረቤቱ ፊት ነበር። ልጆቹም ያንን አይተው አዳኝ ለመሆን ተመኙ።

ያ ወግ ኃይሉ ከዚህ ነበር። ዛሬ በፃግብጂ ኮረብታ ላይ የተከለለውን ቦታ ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ በሰፈሩ ፊት ቆሞ እልልታውንና ሽልማቱን ቢቀበል፥ ከልጆቹ መካከል አንዱ ሌላውን ዓይነት አዳኝ ለመሆን ይመኝ ይሆናል።